ሁለት ዙር ናስትሮ

«እስቲ እንደገና ክፈችላት» አለ ኸይረዲን። ሚስቱ ሀፍሷ ስልኩን ወደ አማቷ አስጠግታ ለሦስተኛ ጊዜ ነካችው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሙናዊር በሐምሌ ዝናብ ጥቁር መነጽር ግንባሩ ላይ ሰክቶ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «ወገኖቼ፣ ይሄ ኢንፍራሬድ ሂተር ነው፣ አየሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚያሞቀው፣ ልክ እንደ ፀሐይ» ይላል። ከዚያ በጫማው ጫፍ ሂተሩን ገፋ ያደርገዋል፣ ሂተሩ በግንባሩ ይደፋል፣ ቀዩ ብርሃን ድርግም ይላል። «ወደቀ፣ ጠፋ። ወደቀ፣ ጠፋ። ለእናታችሁ ግዙላቸው።» እውነተኛው ሙናዊር ደግሞ ከስልኩ ሁለት ክንድ ርቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የገዛ ጫማውን ያያል። ያው ጫማ ነው። ቪዲዮው ላይ ግን የተሻለ ሰው ያደረገው ይመስላል።

«የኔው አልጠፋም» አሉ እትዬ ጠይባ።

«እማዬ፣ አየሽ አይደል? ሲወድቅ ይጠፋል» አለ ኸይረዲን።

«ያኛው ይጠፋል። የኔው አልጠፋም። ሙኒ፣ ንገራቸው እንጂ።»

ሙኒ ምን ይንገራቸው? ሙኒን ሳል ያዘው። በዚህ ቤት ደግሞ ሳል ሰበብ አያጣም፤ አክስቱ እትዬ ጠይባ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ሠላሳ አንድ ዓመት በርበሬ በረንዳ ሲሸጡ፣ ያልተሸጠውን ኩንታል የሚያሳድሩት እዚሁ ነበርና በርበሬው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እንግዳ መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ነው ሰላም የሚለው። ክፍሏ አንዲት የቀበሌ ቤት ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥን፣ በምስማር የተንጠለጠለ ሰጋጃ፣ ግማሹ ጣውላ ግማሹ ሲሚንቶ የሆነ ወለል። ጣውላው በኩል ብርቱካን ብታስቀምጡ ተንከባሎ በር ድረስ ይሸኛችኋል። ላዩ ላይ አበባ ያለው ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ምንጣፉ ላይ ከማክሰኞ ወዲህ የሰሃን ያህል ጥቁር ቁስል አለ፣ ሁሉም ሰው ቁስሉን እያየ እንዳላየ ሆኖ ነው የሚያወራው።

ነገሩ አጭር ነው። ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ጠይባ ሱብሂ ሰግደው፣ ሂተሩን አብርተው፣ ጊቢው ውስጥ ወዳለው የጋራ መጸዳጃ ቤት ወጡ። ሲመለሱ ሂተሩ በአፍጢሙ ተደፍቶ እንደበራ ነው፣ ምንጣፉ ይጨሳል፣ የአልጋ ልብሱ ጫፍ መጥቆር ጀምሯል። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉ፣ ከዚያ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ደፉበት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የጣለችው ድመቷ ናት፤ በመስኮት ስትፈተለክ በዓይናቸው አይተዋታል። ልጃቸው ኸይረዲን ግን ሌላ ነው ያየው። ሂተር ወድቆ ከሆነ ይጠፋ ነበር፣ አልጠፋም ካሉ አልወደቀም፣ ካልወደቀ ደግሞ እናቱ ብርድ ልብስ ደርበውበት ረስተው ወጥተዋል ማለት ነው። ኸይረዲን የቦርሳ ጅምላ ነጋዴ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ማክሰኞ ማታ ሲሰማ የያዘውን ሻይ ደፍቷል። ሰው ሲፈራ ደግሞ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ለኢድ ሀፍሷን «ሱንዱስ» ብለው ጠርተዋታል፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ፈልገዋል። ሙናዊር ባለፈው ሳምንት በስልክ እያወራ ስልኬ ጠፋ ብሎ ሱቁን ገልብጧል፣ እሱን ግን ማንም የትም ልውሰድህ አላለውም።

እና ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ተወስኗል። ስምንት ሰዓት ላይ አይሱዙ ይመጣል፣ እትዬ ጠይባ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ኸይረዲን ጋ፣ አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ቁልፉ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ለወረዳ ይመለሳል። የቀበሌ ቤት ደግሞ አንዴ ከለቀቃችሁት ለቀቃችሁት ነው፣ ነገ ተጸጽቻለሁ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። እትዬ ጠይባ ጀሞን አንዴ አይተውታል። «እዛ እኮ ጎረቤት የሚባለው በር ነው» ነው ያሉት።

«ሂተሩን ልውሰደውና ልፈትሸው» አለ ሙናዊር፣ ሳሉ ሲያልፍለት።

«ፈትሸው። ለእማዬም ዕረፍት ነው» አለ ኸይረዲን። እትዬ ጠይባ ሂተሩን ራሳቸው በሻሽ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን፣ ሙናዊር እቅፍ ውስጥ አስቀመጡለት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሙናዊርን እንዳትጠሉት ብቻ፣ ወይም ትንሽ ቆይታችሁ ጥሉት። ሂተሩ ከሥሩ ትንሽ ጉጥ አለችው። ሂተሩ ሲቆም ጉጧ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ይበራል። ሲወድቅ ትወጣለች፣ ይጠፋል። ያበጀው ሰው አእምሮ ያለው ሰው ነው፣ ግን መርካቶን አያውቅም። ያ ሰው ወለል ማለት ቀጥ ያለ ነገር ይመስለዋል። እዚህ ቤቱ ሁሉ አንዱ ጥግ ሰምጦ ሌላው ጥግ አብጦ ነው፣ ሂተሩ ትንሽ ዘመም ሲል ጉጧ ትወጣለች፣ ይጠፋል፣ ደንበኛው በማግስቱ ካርቶኑን ተሸክሞ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ዝም ብሎ ይጠፋል» እያለ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሸጠው አሥራ ሁለት ሂተር ዘጠኙ ተመለሱበት። ያኔ ነው የጎን ሱቁ ፈርሀት መላውን ያሳየው። ጉጧን ጫን ታደርጋታለህ፣ በናስትሮ፣ ሽቦ በሚታሰርበት ጥቁር ፕላስተር፣ ትጠቀልላታለህ፣ አለቀ። ከእንግዲህ ሂተሩ ተራራ ላይም ይበራል። ተራው ላይ ስሙ «ኒካህ ማሰር» ነው፤ ጉጧና ሂተሩ ላይለያዩ ተጋቡ ማለት ነው። ቪዲዮው ላይ የወደቀው ሂተር ግን ኒካህ ያልታሰረለት ነው፣ ወንደላጤው፣ ለማሳያ ብቻ የተቀመጠ። እና ሙናዊር አንድም ቀን ቪዲዮው ውሸት ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። ወደቀ፣ ጠፋ። ምኑ ነው ውሸት?

ከበርበሬ በረንዳ ሱቁ እስካለበት ሰባተኛ ድረስ ሂተሩን አቅፎ በዝናብ ሲሄድ ሁለት ሰው ጠራው። ሁለቱም በስሙ አይደለም። ቪዲዮውን ሁለት መቶ ሺህ ሰው ካየው ወዲህ ስሙ ተቀይሯል። ሊስትሮው «ወደቀ ጠፋ፣ ጫማህን ልጥረግልህ?» አለው። ባለ ጋሪው «ወደቀ ጠፋ፣ ዞር በል፣ እንዳትወድቅ» አለው። ሌላ ቀን ይሄንን ሲሰማ ደረቱ ይነፋ ነበር፣ ሁለተኛ ቪዲዮ ስለ ምጣድ ልሥራ ወይስ ስለ ማንቆርቆሪያ እያለ ያስብ ነበር። ዛሬ ግን አንገቱን ሻሹ ውስጥ ቀብሮ አለፈ፣ ከሩቅ ላየው አራስ የያዘ አባት ነው የሚመስለው።

ሱቁ ፎቅ ላይ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት። ሂተሩን ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። ናስትሮው አለ። ለዚያውም ሁለት ዙር። ለሌላ ደንበኛ አንድ ዙር ነው የሚያደርገው፤ አክስቴ ናቸው፣ ለሳቸውማ ጠበቅ ይበል ብሎ በገዛ እጁ ሁለት ዙር አዙሮታል። እንዲያውም ያን ቀን የሚያደርገው በጎ ሥራ መስሎት ነበር። በጥርሱ ጫፉን ይዞ መላጥ ጀመረ።

ፈርሀት ከጎን ሆኖ አዲስ የመጡትን ሂተሮች በተራ እያሰረ ነበር። «ምን እያደረግክ ነው? ኒካህ እያፈረስክ?» አለው።

«የአክስቴ ነው። ወድቆ ሳይጠፋ ቀርቶ ምንጣፍ አቃጠለ።»

ፈርሀት መቀሱን አስቀመጠ። «ሰውስ?»

«ሰው ደህና ነው።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ ፈርሀት፣ መቀሱን አነሳ። «ታዲያ እሳት አጠገብ ምንጣፍ ምን ይሠራል? ሰው እኮ ምክር አይሰማም።»

የሚያሳዝነው ነገር እትዬ ጠይባ ምክር መስማታቸው ነው። ሂተር ከገዙት ሰዎች ሁሉ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይተው የተባለውን ሁሉ የፈጸሙ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከሰውና ከልብስ አንድ ሜትር ይራቅ ሲላቸው ሰጋጃቸውን ዘርግተው ለኩት፣ አንድ ሰጋጃ አይበቃም ብለው ስንዝር ጨመሩበት። በዲቫይደር አትሰኩት ሲላቸው ለቴሌቪዥኑ የነበረውን የግድግዳ ሶኬት ለሂተሩ ሰጥተው ዜና መስማት አቆሙ። እርጥብ ካልሲ አታስጡበት ሲል ሀፍሷ የልጇን ካልሲ ልታሰጣ ብትጠጋ እጇን መቱዋት። ለኮሳችሁት አትተኙ ሲል በጊዜ አጥፍተው ሁለት ብርድ ልብስ ለብሰው ተኙ። የአጠቃቀም ወረቀቱ ላይ «ቀጥ ባለ ወለል ላይ ብቻ» የሚል ነበረ፣ ያችን ሙናዊር ራሱ ነው የዘለላት፤ ቀጥ ያለ ወለል የት አግኝቶ ለማን ይሸጣል?

ናስትሮውን ልጦ ጨረሰና ድብልብል አድርጎ ሱሪው ኪስ ከተተው። ሐሳቡ ምን እንደነበር ብትጠይቁት አያውቀውም። ምናልባት ማንም ገልብጦ እንዳያይበት ነው። ምናልባትም እጁ እየሠራ ጭንቅላቱ አልደረሰም ነበር፣ መርካቶ ብዙ ነገር የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው።

ያኔ አንዲት ሴት ደረጃውን ወጣች፣ ጃንጥላዋን አራግፋ «አንተ ነህ አይደል፣ ወደቀ ጠፋ?» አለች። ስሟ ለተብርሃን ነው፣ ስትደዋወል ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው ስሟን ሲጠራት ነው የሰማው። የእህቷ ልጅ ከተወለደ አሥራ አምስት ቀኑ ነው፣ ገላውን ሲያጥቡት ይበርደዋል። «እኔ ተከታይህ ነኝ፣ ያችን ቪዲዮ አይቼ ነው የመጣሁት። ስንት ነው?»

«አራት ሺህ ሁለት መቶ» አለ ሙናዊር። እጁ ከፈርሀት ቁልል ውስጥ አንዱን ሊያነሳ ሄዶ ተመለሰ። ያልታሰረውን፣ ወንደላጤውን አወጣላት። ወለሉ ላይ አስቀምጦ ሰካው። አልበራም። የሱቁም ወለል ያው የመርካቶ ወለል ነው። ካርቶን አጥፎ አንዱን እግር ደገፈው፣ በራ። ለተብርሃን ልታየው ጎንበስ ስትል ጣውላው ተነቃነቀ፣ ጠፋ። እንደገና አስተካከለ፣ በራ፣ ጠፋ።

«ይሄማ ተበላሽቷል» አለች።

«አልተበላሸም፣ ጠባዩ ነው። ቀጥ ያለ ቦታ ካልሆነ ይጠፋል። ለደህንነት ነው።»

«ወንድሜ፣ የእህቴ ቤት ወለል ከዚህ የባሰ ነው» አለችና ወደ ፈርሀት ዞረች። የፈርሀት ሂተር አልተግደረደረም፣ እንደ ሰኩት በራ፣ በአንድ እግሩ ቢያቆሙትም ይበራ ነበር። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አስጨረሰችው። ካርቶኑን ታቅፋ ልትወርድ ስትል ሙናዊር ደረጃው አፍ ላይ ደረሰባት። «እህት፣ ከክፍሉ ስትወጡ ንቀሉት እሺ? ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።»

«ለምን?» አለች ለተብርሃን። «ወድቆ ይጠፋ የለ እንዴ? አንተው አይደለህ ያልከው?»

እሱ ምን አለ? ሳቀ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቀ። ሻጭ መልስ ሲያጣ ይስቃል፤ ሴትዮዋም አብራው ስቃ ወረደች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሂተሩን በሻሹ ጠቅልሎ ተመለሰ። አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፣ ፍራሹ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተጭኗል፣ ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ሙሉመቤት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚጫኑትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ያያሉ። ውስጥ ቤቱ ከቁምሳጥኑና ከሰጋጃው በቀር ባዶ ነው፤ ቁስሉ ያለበት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነስቷል፣ ሥሩ የነበረው ጣውላም ትንሽ ጠቁሯል።

«ፈተሽከው?» አለ ኸይረዲን።

«ፈተሽኩት።»

«ደህና ነው?»

ይቺ ጥያቄ እንግዲህ የተከፈተች በር ነበረች። ሰፊ፣ ጋሪ የምታስገባ። ሙናዊር ፊቷ ቆሞ አየና፣ «ደህና ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አሁን ደህና ነው።

ኸይረዲን ሂተሩን ከሻሹ ፈታው፣ ሲሚንቶው በኩል፣ ቀጥ ባለው ቦታ አቆመው፣ ሰካው፣ ቀላ። ክፋት የለበትም፣ እናቱ ከራሳቸው ጋር እየተሟገቱ እንዳይሄዱ ነው የፈለገው። በእግሩ ገፋ አደረገው። ወደቀ፣ ጠፋ።

እትዬ ጠይባ የወደቀውን ሂተር ጎንበስ ብለው አዩት። «አንዴ ድገመው» አሉ። ደገመው። ወደቀ፣ ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ሀፍሷ የታጠፈ ፎጣ እንደገና ታጥፋለች፣ ሙናዊር ኪሱ ውስጥ ድብልብሏን እያሻሸ ነው፣ ናስትሮ ደግሞ ስታሻሹት ይለጠፋል፣ ከአውራ ጣቱ ጋር አንድ ሆኗል።

«እሺ» አሉ እትዬ ጠይባ።

ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መርካቶ ሲነግዱ በመጀመሪያው ዋጋ «እሺ» ብለው የማያውቁ ሴትዮ ናቸው። ሰጋጃቸውን ከምስማሩ አውርደው አጠፉ። ከዚያ ወደ ሀፍሷ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ «የጠዋቱን የደም ግፊት መድኃኒቴን ውጬዋለሁ?» አሉ። ሀፍሷ «አዎ እማማ፣ ቅድም እኔ እያየሁዎት ወስደዋል» አለች። ከዚህ በፊት እንደዚህ ጠይቀዋት አያውቁም ነበር።

ሰዎቹ ቁምሳጥኑን ተሸክመው ሲወጡ እትዬ ጠይባ «ሙኒ፣ ና። በሩን መለስ አድርገው» አሉ። አልጋው ስለተነሳ ዕቃ በታሰረበት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ ይወደኛል፣ የሚወድህ ሰው ደግሞ ይዋሽሃል። አንተ ነጋዴ ነህ፣ ዕቃውንም ታውቀዋለህ። ቁርጡን ንገረኝ። ጭንቅላቴ እየሄደ ነው?»

ሙናዊር ሦስት መልስ አዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው አላህ ያውቃል የሚል፣ ሁለተኛው ዕድሜ የማይነካው ማን አለ የሚል፣ ሦስተኛው ሳል። ሳሉም እምቢ አለው፤ ቤቱ ከተራገፈ ወዲህ በርበሬው ራሱ ቀንሷል። እጁን ከኪሱ ሲያወጣ ናስትሮው ከአውራ ጣቱ ጋር አብሮ ወጣ፣ ክር፣ የትራንስፖርት ቲኬት ቁራጭና የማስቲካ ወረቀት ለጥፎ።

«እትዬ፣ ይሄ ከሥሩ ነበረ» አለ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። ሲታሰር ወድቆ አይጠፋም። ቅድም ሱቅ ወስጄ ፈታሁት። ማክሰኞ ያዩት ሁሉ ልክ ነው፣ ድመቷም።»

እትዬ ጠይባ ናስትሮውን ተቀብለው አሸተቱት። የበርበሬ ነጋዴ ሁሉን ነገር ያሸታል። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሙናዊር አለቀሱ ብሎ ሲደነግጥ ለካ ሳቅ ነው። «አልሀምዱሊላህ፣ አላበድኩም» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ የራሴን ስም ስንት ጊዜ በልቤ እንደጠራሁ ታውቃለህ?» ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ሌላ ጊዜ እኮ ስወጣ እነቅለዋለሁ። ያን ቀን ብርዱ አጥንቴ ገባና፣ ስመለስ ሞቆ ይጠብቀኝ አልኩ። ቢወድቅ ይጠፋል ሙኒ ብሏል አልኩ።»

ይቺ ነች ሙናዊር ልብ ድረስ የገባችው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ለስድብ መልስ አለው።

«ስንት ሰው ቤት አለ?» አሉት።

«የኔ ብቻ ሠላሳ ሰባት። ተራው ሲደመር አላውቅም።»

«ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ?»

«መርካቶ ማን አድራሻ ይጠይቃል እትዬ?»

«ከጎኔ ትሸጥ የነበረች ሴት በርበሬ ላይ ሸክላ ፈጭታ ትጨምር ነበር» አሉ። «አይቻለሁ። ጎረቤት ናት ብዬ ዝም አልኩ። ደንበኛ እኔ ጋ ሲመጣ የሷንም የኔንም እኩል ያሸት ጀመር። ቀስ እያለ ማንንም የማያምን ሆነ። እኔ አንድም ቀን ሸክላ ሳልቀላቅል ሸክላ ሻጭ ሆንኩ።» ጆንያው ላይ እጃቸውን ተደግፈው ተነሱና ናስትሮውን መለሱለት። «በል ሂድ፣ ለኸይሩ ንገረው።»

ነገረው። አይሱዙው ጎን፣ ዝናብ ውስጥ፣ ናስትሮውን በመዳፉ ይዞ ነገረው። አሁን ጥፊ ይመጣል ብሎ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ነበር። ኸይረዲን ግን በሐዘኔታ አየው።

«መቼ ፈታኸው?»

«ቅድም።»

«ለምን?»

«እንዳይታወቅብኝ።»

«እና አሁን ለምን ትነግረኛለህ?»

«ጠየቁኝ።»

«አሳዘነችህ» አለ ኸይረዲን። «ሙኒ፣ እኔንም ታሳዝነኛለች። ግን እሷን ለማስቀረት ብለህ ራስህ ላይ ይሄን ስትለጥፍ፣ ነገ ቤቱ ቢነድ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ናስትሮ ደግሞ ከየትም ይመጣል።»

«ወላሂ ነው የምልህ።»

«ወላሂማ ለደንበኛም ትላለህ።»

ስሙኝማ፣ ሙናዊር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃውን አጣጥሎ ሊሸጥ ሞክሮ ገዢ አጣ። ጠዋት አንዱን እውነት ለለተብርሃን አቀረበ፣ አልወሰደችም። ከሰዓት ሌላውን ለኸይረዲን አቀረበ፣ እሱም አልወሰደም። የሚሸጥለት ያችው የድሮዋ «ወደቀ፣ ጠፋ» ብቻ ናት።

ኸይረዲን ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ተኩል። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና እንደማሰብ አለ። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ» አለ። «ለሁለት መቶ ሺህ ሰው ሲወድቅ ይጠፋል ብለሃል። ለዛው ሰው አይጠፋም፣ አስሬዋለሁ በል። በዛው ፊትህ፣ በዛው ገጽህ። ያኔ አምንሃለሁ፤ ሰው በገዛ ሆዱ ላይ አይዋሽም። ዕቃውን አስወርዳለሁ፣ ቁልፉም እሷ ጋ ይቀራል። ወረዳው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»

እና አሁን ሙናዊር የእትዬ ሙሉመቤት ጣሪያ ሥር፣ ከጠፈጠፍ እያመለጠ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ቀድቷል። የመጀመሪያውን ፀጉሩ ስላላማረ ደመሰሰው፤ አዎ፣ በዚህ ሰዓት፣ ፀጉሩ። በሁለተኛው መነጽሩን አወለቀና ሁሉንም አለ። ሂተር ከእኔም ከተራውም የገዛችሁ ገልብጡት፣ ከሥሩ ናስትሮ ካለ ንቀሉት፣ ከነቀላችሁ በኋላ ዝም ብሎ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ወለላችሁ ዘሞ ነውና ቀጥ ያለ ሰሌዳ ፈልጉለት፣ የአሥራ አምስት ቀን ሕፃን ያለበት ቤት የወሰድሽው እህት ዛሬውኑ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ለፈርሀት ቀድሞ ላከለት፣ ጓደኛው ነው፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ብሎ። ፈርሀት በድምፅ መለሰ፤ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ወንድሜ፣ ይቺን ከለጠፍክ ካንተ ጀምሮ ተራው ላይ ሂተር የሚገዛ አይኖርም። ምጣድም ቢሆን ካንተ ማን ይገዛል? ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፣ ታውቃለህ። ዝም ብለህ ከነገ ጀምሮ አትሰር። እኔም አልሰርም፣ ወላሂ።»

አይሱዙው ሞተር አስነስቷል። እትዬ ጠይባ ጋቢና ውስጥ ናቸው፣ ሂተሩን በሻሽ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል፣ ናስትሮውን ደግሞ ከሙናዊር መልሰው ተቀብለው የት እንዳደረጉት አላህ ይወቅ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ያዩታል፣ ና አይሉም፣ ሂድ አይሉም። ኸይረዲን ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። የሆነ ሰው በዝናቡ ሲያልፍ «ወደቀ ጠፋ፣ ዛሬ ምን እየቀዳህ ነው?» ይለዋል። ስልኩ ላይ «ለጥፍ» የምትለዋ ቦታ ቀልታ ትጠብቃለች፣ አውራ ጣቱ ላይ አሁንም የናስትሮው ሙጫ አለ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፣ እና እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?